የእጅ አንጓ ስብራት ሕክምና ሲታቀድ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ የማይሞክር ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚያች ቅጽበት የሰውነት ክብደት በመዳፍ በኩል አልፎ አንጓው ላይ ስለሚያርፍ፣ ራዲየስ የተባለው የክንድ አጥንት ከአንጓው አጠገብ መሰበሩ በአዋቂዎች ላይ በብዛት ከሚታዩ የአጥንት ጉዳቶች አንዱ ሆኖ ይኖራል። ጉዳቱ በዋናነት ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያገኛል፤ በአንድ በኩል ከከፍታ የወደቁ ወይም በተሽከርካሪና በስፖርት አደጋ የተጎዱ ወጣቶችን፣ በሌላ በኩል አጥንታቸው ከመሳሳቱ የተነሣ ከቆሙበት ቢወድቁ እንኳ የሚሰበሩ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን። ሁለቱም ወደ ሕክምና ሲመጡ የሚታዘዝላቸው የመጀመሪያው ምርመራ ራጅ ነው። ውሳኔ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሲቲ ስካን ይጨመር ወይስ ይቅር?

ሲቲ ስካን ከራጅ የበለጠ ያሳያል ወይ ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ያሳያል። የሚያከራክረው፣ ያሳየው ነገር የሕክምናውን ዕቅድ ይለውጣል ወይ፣ ዕቅዱ ከተለወጠስ ታካሚው ከዓመት በኋላ እጁን በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ጥያቄ ሆነው ይታያሉ፤ ለመጀመሪያው የተገኘው አዎንታዊ መልስም ሳይመረመር ለሦስተኛው ጭምር ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ሲቲ ስካን መታዘዝ ያለበት መልሱ አንድን የተወሰነ ውሳኔ ሊለውጥ በሚችልበት ቦታ ነው፣ ያም ቦታ ከሚታሰበው አንጻር ጠባብ ቢሆንም በዚያ ውስጥ ምርመራው ሊተካ የማይችል ነው የሚል ነው።

በአግባቡ የተነሣ ራጅ ቀላል የማይባል መረጃ ይሰጣል። በጤናማ አንጓ የራዲየስ መጨረሻ ገጽ ወደ ትንሿ ጣት ወገን 22 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ መዳፍ ወገን ደግሞ 11 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ሹል ጫፍም ከቀሪው ገጽ ከ11 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል ረዝሞ ይወጣል። ስብራቱ እነዚህን ልኬቶች ምን ያህል እንዳዛባቸው፣ አጥንቱ ምን ያህል እንዳጠረና ወደ እጅ ጀርባ ምን ያህል እንደተቀለበሰ ከፊትና ከጎን በተነሡ ሁለት ራጆች ይለካል። ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ካልገባ ለውሳኔ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ እንዲህ ላለው ስብራት የሚታዘዝ ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የታወቀውን በሚያምር ምስል ከመድገም አያልፍም።

ስብራቱ ወደ መገጣጠሚያው ገጽ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ራጅ ሦስት ገጽታ ያለውን አካል በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ የሚያሳርፍ በመሆኑ ከፊትና ከኋላ ያሉት የአጥንት ጠርዞች እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። የአንጓ መገጣጠሚያ ገጽ ደግሞ ሰርጓዳና ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ ከጎን በተነሣው ራጅ ላይ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ክፍል ይሸፍነዋል። አንድ የአጥንት ስባሪ ሦስት ሚሊሜትር ሰምጦ ሳለ ከፊቱ ያለው ያልተነካ ጠርዝ ሊጋርደው ይችላል። ሲቲ ስካን መደራረቡን ያስወግዳል፤ አንጓውን አንድ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ያነሣና ያንኑ መረጃ በአግድም፣ በፊት ለፊትና በጎን አቅጣጫ መልሶ ያቀናብረዋል። በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሲውል ያነሣው አንጎልን ነበር፤ ለአንጓ የሚበቃ ጥራት ያገኘው ቁራጮቹ እየቀጠኑ ከመጡ በኋላ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ በእነዚህ ቁራጮች ላይ የሚፈልገው ምንድን ነው? የመገጣጠሚያው ስብራት እንደ ተጣለ ብርጭቆ በዘፈቀደ አይበታተንም። አጥንቱ ከጎረቤቶቹ ጋር በተያያዘባቸው ጅማቶች መካከል መሰንጠቅ ስለሚቀናው ስባሪዎቹ በተደጋጋሚ በሚታወቁ ቦታዎች ይገኛሉ፤ አንዱ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጫፍ፣ ሁለቱ ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል ያሉት የመዳፍና የጀርባ ማዕዘኖች ናቸው። ሪክሊና ሬጋዞኒ የተባሉ የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሥራ አንጓውን በሦስት ዓምዶች ከፍለው ማየትን አስተዋወቁ፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው የራዲየስ ክፍል፣ መካከለኛው የራዲየስ ክፍልና በትንሿ ጣት በኩል ያለው የአልና፣ ማለትም ከራዲየስ ጎን ያለው የሁለተኛው የክንድ አጥንት ጫፍ። ከእጅ የሚመጣው ጭነት ትልቁ ድርሻ በመካከለኛው ዓምድ ላይ ያልፋል፤ ራጅ በጣም የሚደናገረውም እዚያው ላይ መሆኑ ለሲቲ ስካን የሚቀርበው ዋነኛ መከራከሪያ ነው።

በመካከለኛው ዓምድ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚገባው በመዳፍ ወገን ያለው ማዕዘን ነው። ይህ ስባሪ አንዳንዴ ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ በራጅ ላይ ትርፍ መስመር ይመስላል፤ ነገር ግን ሉኔት የተባለውን የአንጓ አጥንት ከፊት የሚደግፈውና ጠንካራዎቹ የመዳፍ ወገን ጅማቶች የሚያያዙበት እርሱ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና በመዳፍ ወገን ብረት አስቀምጦ በብሎኖች ማሰር ነው። መደበኛው ብረት ግን አጥንቱ ወደ ፊት ከሚወጣበት ጠርዝ አልፎ እንዲቀመጥ አይፈለግም፤ ካለፈ አውራ ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት እየፈተገ ሊበጥሰው ይችላል። ስለዚህ ማዕዘኑ በጣም ትንሽና ወደ ጫፍ የቀረበ ከሆነ ብረቱ ሳይደርስበት ይቀራል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ምስሉ ያማረ ይመስላል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ስባሪው ያመልጥና መላው አንጓ ተከትሎት ወደ መዳፍ ወገን ይንሸራተታል። ይህን ዓይነት ውድቀት ማረም ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና እጅግ የከበደ ነው። የስባሪው መጠንና ቦታ አስቀድሞ በሲቲ ስካን ከታወቀ ግን ቀዶ ሐኪሙ ለዚያ ማዕዘን የተሠራ ብረት፣ ሽቦ ወይም የስፌት ማሰሪያ አዘጋጅቶ፣ ቆዳውን የሚከፍትበትንም ቦታ ወደ ትንሿ ጣት አስጠግቶ ይጀምራል። እኔ እስከማየው ድረስ በአንጓ ስብራት ውስጥ ሲቲ ስካን ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚያስመሰክረው እዚህ ላይ ነው።

ከመካከል የሰመጠ ስባሪም ሌላው ምሳሌ ነው። ሉኔት ራዲየስን እንደ መዶሻ ሲመታው የመገጣጠሚያው ገጽ መሐል ላይ ያለ ቁራጭ ወደ ታች ይሰምጣል። ይህ ቁራጭ ምንም ጅማት ስላልተያያዘበት እጅን ከውጭ በመጎተት ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሌሎቹ ስባሪዎች በጉተታ ሲቃኑ እርሱ እሰመጠበት ይቀራል። ከሥር ተገፍቶ መነሣት፣ አንዳንዴም ከሥሩ የተፈጠረው ባዶ ቦታ መሞላት አለበት፤ ለዚያም ከየት ተገብቶ እንደሚደረስበት ቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። በእጅ ጀርባ ወገን ያለው ማዕዘን ትልቅና የተፈናቀለ ከሆነ ደግሞ በመዳፍ ወገን ብቻ መግባት ላይበቃ ይችላል። ራዲየስ ከአልና ጋር የሚገናኝበት፣ መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች ለማገላበጥ የሚያስችለው ሰርጓዳ ገጽም አለ፤ እርሱ በሁለቱም የራጅ ምስሎች ላይ ስለሚሸፈን መሰንጠቁን በግልጽ የሚያሳየው አግድም ቁራጭ ነው።

ወደ ልኬት ስንመጣ በዘርፉ ውስጥ እንደ ሕግ የሚጠቀስ አንድ ቁጥር እናገኛለን፤ 2 ሚሊሜትር። በስባሪዎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከዚህ ከበለጠ ቀዶ ሕክምና ይታሰብ የሚለው ልማድ በአብዛኛው የተመሠረተው ክናርክና ጁፒተር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ በወጣት አዋቂዎች ላይ የደረሱ 43 ስብራቶችን ተከታትሎ፣ ገጹ 2 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሳይስተካከል የቀረባቸው ሰዎች በራጅ የሚታይ የመገጣጠሚያ መበላት እንደሚያጋጥማቸው ደመደመ። ጁፒተር ራሳቸው ከሌላ ባልደረባ ጋር ያንን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 መልሰው ሲመረምሩት ዘዴው በርካታ ጉድለቶች እንደነበሩበት በይፋ ጻፉ፤ የራስን ታዋቂ ሥራ እንዲህ መተቸት በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላም ነገር አለ። ያ ቁጥር የወጣው ከራጅ ልኬት ነው። ራጅ በሲቲ ስካን ሲመዘን አንዳንዴ መፈናቀሉን አሳንሶ፣ አንዳንዴም አጋኖ እንደሚያሳይ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ንጽጽሮች አረጋግጠዋል። ዛሬ አንድ ሐኪም በሲቲ ስካን 2.3 ሚሊሜትር ለክቶ «ገደቡን አልፏል» ሲል፣ በደብዛዛ መለኪያ የወጣን ገደብ በሹል መለኪያ እየተጠቀመበት ነው። የልኬቱ ትክክለኛነት የገደቡን ትክክለኛነት አያመጣም። በተጨማሪም የገጹ መበላት በራጅ ላይ መታየቱና ታካሚው ሕመም መሰማቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ሲቲ ስካን ውሳኔን እንደሚለውጥ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በአብዛኛው የሚሠሩትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ቀዶ ሐኪሞች መጀመሪያ ራጁን ብቻ አይተው ዕቅዳቸውን ይጽፋሉ፤ ቆይቶ የዚያኑ ታካሚ ሲቲ ስካን አይተው እንደገና ይጽፋሉ። በሁለቱ መካከል ሐሳባቸውን የሚቀይሩት ጥቂቶች አይደሉም፤ ቅያሬውም ብዙ ጊዜ ከጀሶ ወደ ቀዶ ሕክምና ወይም ከአንድ የመክፈቻ ቦታ ወደ ሌላ ነው። ይህ ውጤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሐሳብ መቀየር በራሱ ወደ ተሻለ ሐሳብ መሄድ አይደለም፤ አንድ ሐኪም ያንኑ ራጅ ከሳምንታት በኋላ ቢያየው እንኳ ዕቅዱን ሊቀይር ይችላል። ስብራቶችን በ27 ንዑስ ምድቦች የሚከፍለው የኤኦ አመዳደብ ላይ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እንኳ እርስ በርስ የሚስማሙት በመጠኑ ብቻ ነው፤ ሲቲ ስካን ሲጨመርም አለመስማማቱ አይጠፋም። ብዙ ዝርዝር ማየት አንዳንዴ ብዙ የመከራከሪያ ነጥብ ማግኘት ነው።

ስለ ታካሚው ውጤት ስንጠይቅ ደግሞ ትልልቆቹ የዘፈቀደ ምደባ ሙከራዎች፣ ማለትም ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ በዕጣ የሚወሰንባቸው ጥናቶች፣ ቀዝቀዝ የሚያደርግ መልስ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦስትሪያ ውስጥ ተሠርቶ የታተመ ሙከራ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 73 ታካሚዎችን በብረትና በጀሶ ከፍሎ ሲከታተል፣ በብረት የታከሙት ሰዎች ራጅ በግልጽ የተሻለ ሆኖ ሳለ በዓመቱ ታካሚዎቹ እጃቸውን በመጠቀም ረገድ ስለራሳቸው በሰጡት ምዘና ልዩነት አላሳዩም። በብሪታንያ ድራፍት በሚል ምኅጻረ ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራ 461 አዋቂዎችን በሽቦና በብረት አነጻጽሮ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ተከታዩ ደግሞ 500 ታካሚዎችን ይዞ፣ ስብራቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሽቦ ማስገባት በጀሶ ብቻ ከመያዝ በዓመቱ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳየ፤ በጀሶ ከታከሙት መካከል ግን ከስምንት አንዱ ያህል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ አጥንቱ ስላመለጠ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ኤብርሃም ኮሊስ ይህን ስብራት እ.ኤ.አ. በ1814፣ ማለትም ራጅ ከመገኘቱ ከ80 ዓመት በፊት ሲገልጽ፣ እጁ ተጣሞ ቢቀርም በጊዜ ብዛት ያለ ሕመም እንደሚንቀሳቀስ ጽፎ ነበር። ለሁሉም ታካሚ እውነት ባይሆንም፣ ቅርጽና አገልግሎት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያለ ምንም መሣሪያ ማስተዋሉ ያስደንቃል።

ይሁንና ከእነዚህ ሙከራዎች ተነሥቶ «ሲቲ ስካን አያስፈልግም» ማለት ስሕተት ነው። ድራፍት የመገጣጠሚያው ገጽ ሳይከፈት ወደ ቦታው ሊመለስ የማይችልባቸውን ስብራቶች ከጥናቱ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ማለትም ሲቲ ስካን በጣም ይጠቅማል የምንልባቸው ታካሚዎች በሙከራው ውስጥ አልነበሩም። የመሐል ስባሪው የሰመጠበት ወይም የመዳፍ ወገን ማዕዘኑ የተነጠለበት የ35 ዓመት ሰው ጉዳይ በእነዚህ ቁጥሮች አይፈረድም። ሙከራዎቹ በትክክል የሚነግሩን፣ መገጣጠሚያው ተቀባይነት ባለው ሁኔታ ሊመለስ በሚችልበት ስብራት የምስሉን ውበት ማሳደድ ለታካሚው የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ምርመራውን ከማዘዝ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ስለ አጥንቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው። አንዲት የ80 ዓመት እናት ቀዶ ሕክምና እንደማይፈልጉ በግልጽ ከተናገሩ፣ ወይም የልባቸው ሁኔታ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ሲቲ ስካኑ አምስት ስባሪ ቢያሳይ ስምንት የሚታሰረው ጀሶ ያው ነው። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚና የእጅ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ በዕድሜ ለገፉ ታካሚዎች ቀዶ ሕክምና በረጅም ጊዜ ታካሚዎቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን አስፍረዋል። በእርግጥ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ በ70 ዓመታቸው በእጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ፣ በክራንች የሚሄዱና ክብደታቸውን በአንጓቸው የሚሸከሙ ሰዎች አሉ። በተቃራኒው ወገን ደግሞ፣ ራጁ ላይ ስብራቱ ወደ መገጣጠሚያው እንደገባ የሚታይበትና ለቀዶ ሕክምና የታሰበ ንቁ ሰው ያለ ሲቲ ስካን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ባይገባ ይመረጣል።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ታካሚው እንደደረሰ፣ አጥንቱ ገና እንደተፈናቀለ የሚነሣ ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ የባከነ ነው፤ ተጨፍልቀው የተቀመጡት ስባሪዎች የትኛው የየት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራሉ፣ እጁ ተጎትቶ ሲቃናም ሥዕሉ ከመሠረቱ ይለወጣል። አጥንቱ መጀመሪያ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ በጀሶ ተይዞ፣ ከዚያ ሲነሣ ግን ምስሉ የሚመልሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ በጉተታ ያልተስተካከለው የትኛው ነው? ጀሶው ለምርመራው እንቅፋት ስለማይሆን መፈታት አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ብዙም መቆየት አይቻልም። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው የራዲየስ ጫፍ ስብራት መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ካልገባ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ እንዲሠራ ይመክራል። ወረፋው ረጅም በሆነበት ተቋም ውስጥ ሲቲ ስካን ለመጠበቅ ሲባል ሳምንታት ካለፉ፣ አጥንቱ መያያዝ ስለሚጀምር ከምስሉ የተገኘው ጥቅም በመዘግየቱ ጉዳት ይዋጣል።

ታካሚዎች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ጨረር ነው፤ እዚህ ላይ ሥጋቱ ከእውነታው ይበልጣል። ለጨረር ይበልጥ የሚጋለጡት የሰውነት ክፍሎች ከአንጓ ሩቅ በመሆናቸው፣ እጁ ከራስ በላይ ተዘርግቶ በትክክል የተነሣ የአንጓ ሲቲ ስካን ለመላው አካል የሚያደርሰው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ነው። አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት የሚቀበለው የዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። እጁን ከጎን አስቀምጦ ማንሣት ግን ግንዱንም ለጨረር ያጋልጣል፣ ምስሉንም ያበላሻል፤ ታካሚው ትከሻው ካልታመመ በቀር በሆዱ ተኝቶ እጁን ወደ ፊት ቢዘረጋ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ታካሚ ብትሆንም በዚህ አቀማመጥ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ሲቲ ስካንን ለመቆጠብ የሚቀርበው ትክክለኛ ምክንያት ጨረሩ ሳይሆን ወጪው፣ ወረፋውና የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና የመጋበዙ ዕድል ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ራዲየስ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ትንንሽ የአንጓ አጥንቶች የተለየ አመክንዮ አላቸው። ከእነርሱ በብዛት የሚሰበረው ስካፎይድ ነው። የደም አቅርቦቱ ትልቁ ክፍል ከጣቶቹ ወገን ገብቶ ወደ ክንድ ስለሚመለስ፣ አጥንቱ ወገቡ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ የቀረበው ቁራጭ ደም ሊያጣና ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ጨርሶ ያልታየ ስብራት ካጠራጠረ ኤምአርአይ ከሲቲ ስካን የተሻለ አነፍናፊ ነው። ስብራቱ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ግን ምን ያህል እንደተፈናቀለ፣ አጥንቱ ጎብጦ እንደሆነ፣ ቆይቶም መያያዙን ለማወቅ ቁራጮቹ በስካፎይድ ቁመት አቅጣጫ የተቀናበሩለት ሲቲ ስካን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ስዊፍት የተባለው የብሪታንያ ሙከራ 439 ታካሚዎችን አካትቶ፣ መፈናቀሉ ከ2 ሚሊሜትር ያልበለጠ የወገብ ስብራት በቅድሚያ በጀሶ ቢታከም፣ ሳይያያዝ የቀረው ደግሞ ቶሎ ታውቆ ቢታሰር፣ በዓመቱ ውጤቱ ወዲያው በብሎን ከማሰር እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሲቲ ስካን ሥራው ቀዶ ሕክምናን ማብዛት ሳይሆን በደኅና መታቀብ የሚቻልባቸውን ሰዎች መለየት ሊሆን ይችላል።

ምርመራው የማያየውንም ማወቅ ተገቢ ነው። የአንጓን አጥንቶች እርስ በርስ የሚያስሩ ጅማቶች፣ በአልና ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንትና የመገጣጠሚያው ገጽ ሽፋን በተለመደው ሲቲ ስካን በበቂ ሁኔታ አይታዩም። በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው ክፍተት መስፋቱ ጅማቱ መበጠሱን ሊጠቁም ይችላል፤ ክፍተቱ አለመስፋቱ ግን ጅማቱ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ለዚህ ኤምአርአይ፣ ወይም በቀጭን መመልከቻ ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። በሦስት ገጽታ የሚቀናበረው የሚሽከረከር ምስልም ጥንቃቄ ይሻል። የትልልቅ ስባሪዎችን አቅጣጫ በአንድ እይታ ለመረዳት፣ ለታካሚውም ለማስረዳት ወደር የለውም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ገጹን ሲያለሰልሰው ቀጫጭን ስንጥቆች ይደፈናሉ፣ የሳሳ አጥንትም የጠፋ ይመስላል። ልኬት መወሰድ ያለበት ከቁራጮቹ ላይ ነው።

ሲቲ ስካን መጠበቅ የማይገባባቸው ሁኔታዎች ግልጽ ናቸው። ቆዳው ተቀድዶ አጥንት ከታየ፣ ጣቶች ከገረጡ፣ ወይም ከአውራ ጣት እስከ ቀለበት ጣት ያለው መደንዘዝ አጥንቱ ተጎትቶም ከሰዓት ወደ ሰዓት እየባሰ ከሄደ፣ የተጨቆነው ነርቭ ወይም የደም ሥር ምስል እስኪነሣ አይታገሥም።

የምርመራው ጥቅም ግማሹ የሚወሰነው በማዘዣው ወረቀት ላይ ነው። «የአንጓ ስብራት፣ ሲቲ ይነሣ» ተብሎ የተላከለት የራዲዮሎጂ ባለሙያ ስብራት መኖሩን፣ መገጣጠሚያ ውስጥ መግባቱንና መፈናቀሉን ጽፎ ይመልሳል፤ ይህንን ግን ላኪው ከራጁ ያውቀው ነበር። በማዘዣው ላይ የመዳፍ ወገን ማዕዘኑ ምን ያህል ቁመት እንዳለው፣ ከመሐል የሰመጠ ቁራጭ መኖር አለመኖሩ፣ ራዲየስና አልና የሚገናኙበት ገጽ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁና የእጅ ጀርባ ወገኑ መድቀቅ አለመድቀቁ ተለይቶ ከተጠየቀ፣ መልሱም በሚሊሜትርና በቦታ ተለይቶ ይመጣል። ቀዶ ሐኪሙም ሪፖርቱን ብቻ አንብቦ ባይተወው መልካም ነው፤ ቁራጮቹን ራሱ አንድ በአንድ እያገላበጠ ብሎኑ የሚያልፍበትን መንገድ በሐሳቡ ካልሳለ፣ ምርመራው ለዕቅድ ሳይሆን ለመዝገብ የተነሣ ይሆናል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላም አንዳንዴ ወደዚሁ መሣሪያ ይመለሳል። የራዲየስ የጀርባ ገጽ ጎበጥ ብሎ የተሠራ በመሆኑ ከመዳፍ ወገን የገባ ብሎን በጎን ራጅ አጥንቱ ውስጥ ያለ እየመሰለ ጫፉ በጀርባ በኩል ወጥቶ ጣት የሚዘረጉትን ጅማቶች ሊቧጥጥ ይችላል፤ ታካሚው ጣቱን ሲዘረጋ የሚያመው ከሆነ ሲቲ ስካን ብረቱ ምስሉን በመጠኑ ቢረብሸውም መልሱን ይሰጣል። ተጣሞ የተያያዘ አጥንት እንደገና ተቆርጦ እንዲቃና ሲታሰብ ደግሞ ሁለቱም አንጓዎች ይነሣሉ፤ የጤነኛው እጅ ምስል በመስታወት አምሳል ተገልብጦ በተጎዳው ላይ ይደረባል፣ ከልዩነታቸውም መቁረጫው በየትኛው ዲግሪ እንደሚያልፍና ስንት ሚሊሜትር እንደሚከፈት ይሰላል፤ በዚያው ስሌት መሠረት ለዚያ ታካሚ ብቻ የሚሆን የመቁረጫ መምሪያ በሦስት ገጽታ ማተሚያ ይሠራለታል።